ከፍራንክፈርት ወደ ዘርፋውስ፦ የአንድ ቤተሰብ የመጀመሪያ የስኪ ሳምንት (የጉዳይ ጥናት)

ይህ ጽሑፍ ፍራንክፈርት የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ወደ ኦስትሪያ ተራሮች ያደረገውን የመጀመሪያ የስኪ (በበረዶ ላይ የመንሸራተት) ጉዞ ከዕቅዱ ጀምሮ ይመዘግባል። የቤተሰቡ አባላት፣ ያረፉበት ቤት፣ ዕቃ ያከራያቸው ሱቅና የስኪ ትምህርት ቤቱ በስም አልተጠቀሱም። ቀንና ሰዓቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጉዳዩ መመዝገብ ያለበት ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። በአውሮፓ የሚያድጉ ልጆቻችን ስለ ስኪ ከክፍል ጓደኞቻቸው እየሰሙ «እኛስ መቼ ነው?» ይላሉ። ወላጆቻቸው ደግሞ አንድም ቀን በረዶ ላይ ሳይቆሙ ብዙ ሺህ ዩሮ የሚፈጅ ጉዞ ማቀድ ይኖርባቸዋል። ብዙው መመሪያ የተጻፈው በልጅነቱ ስኪ ለተማረ ወላጅ ነው፤ ስለ ጾም፣ ስለ ሹሩባ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድ አያነሣም።

ቤተሰቡ

ስድስት ናቸው፦ በአርባዎቹ ዕድሜ ያሉ አባትና እናት፣ የ14 ዓመት ወንድ ልጅ፣ የ8 ዓመት ሴት ልጅ፣ የ5 ዓመት ወንድ ልጅ፣ እንዲሁም ልጆቹን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ የ68 ዓመት አያት። ከመካከላቸው ስኪ የሞከረው ትልቁ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም ከሁለት ዓመት በፊት ከትምህርት ቤቱ ጋር ለአንድ ሳምንት ሄዶ ነበር። ለጉዞው የተያዘው ገንዘብ 5,000 ዩሮ ሲሆን፣ ዕቅዱ የተጀመረው በጥቅምት 2025 አጋማሽ ላይ ነው። ለጥር ጉዞ ይህ ዘግይቷል። ኩሽና ያላቸውና ስድስት ሰው የሚይዙ አፓርትመንቶች ባለፈው ፀደይና በጋ ተይዘው ስላለቁ፣ ቤተሰቡ ከቀሩት ሦስት ቤቶች አንዱን መምረጥ ነበረበት።

ሦስት የቀን መቁጠሪያዎች

ትልቁ ችግር የቀን ምርጫ ነበር። ፍራንክፈርት ያለችበት የሄሰን ግዛት ትምህርት ቤቶች፣ ባቫሪያ በየካቲት ያላት ዓይነት የክረምት ዕረፍት የላቸውም። ስለዚህ የፍራንክፈርት ቤተሰብ በረዶ ባለበት ወራት የሚያገኘው የገናንና የፋሲካን ዕረፍት ብቻ ነው። በዚያ ላይ የቤተክርስቲያኑ አቆጣጠር አለ፤ ቤተሰቡ ይጾማል።

መጀመሪያ የታየው የፋሲካው ዕረፍት ነበር፤ ከመጋቢት 30 እስከ ሚያዝያ 10 ቀን 2026። የእኛ ፋሲካ ግን ሚያዝያ 12 ስለሚውል ሁለተኛው ሳምንት ሰሙነ ሕማማት ነው። አያታቸው ይህን ሲሰሙ «አይሆንም» አሉ፤ ማንም አልተከራከራቸውም።

የቀረው የገናው ዕረፍት ነው፤ ከታኅሣሥ 22 እስከ ጥር 10። ከፈረንጆቹ ገና እስከ አዲስ ዓመት ያለው ሳምንት በአልፕስ ሁሉ እጅግ ውድና የተጨናነቀ ነው፤ በዚያ ላይ ጾመ ነቢያት ነው። ከጥር 3 እስከ 10 ያለው ሳምንት ግን ሁለት ጥቅም አለው። የባቫሪያ ዕረፍት ጥር 5 ያበቃል፤ በኦስትሪያም ከጥር 6 የኤፒፋኒ በዓል በኋላ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ይመለሳሉ። ስለዚህ ከረቡዕ ጀምሮ ሰልፉ ይቀንሳል። ረቡዕ ጥር 7 ደግሞ ታኅሣሥ 29 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ ገና። ጾሙ በሳምንቱ መካከል ይፈታል ማለት ነው፤ ገና ረቡዕ ቢውልም ይበላል።

በዚህ ምርጫ የቀረ ነገርም አለ። ቤተሰቡ የገናን ሌሊት ቅዳሴ ከደብሩ ጋር ማድረስ አልቻለም፤ በኢንተርኔት ተከታተለው። አያትየው ይህን የተቀበሉት ለልጆቹ ሲሉ ነው። ሌላ ቤተሰብ በዚህ ነጥብ ላይ ዕቅዱን ቢተወው ትክክል አይደለም ማለት አይቻልም።

ቦታው እንዴት ተመረጠ

መጀመሪያ የታሰበው ለሙኒክ ቀረብ ያለና ረከስ ያለ መንደር ነበር፤ ለምሳሌ ዞል፣ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ። ችግሩ ከፍታው ነው። በጥር መጀመሪያ አየሩ ሞቅ ካለ በዚያ ከፍታ በበረዶ ፈንታ ዝናብ ይወርዳል። ሰው ሠራሽ በረዶ የሚረጩት መድፎችም የሚሠሩት የእርጥበቱ ልክ ታስቦ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ሁለት ሦስት ዲግሪ ሲወርድ ነው። ለጀማሪ ደግሞ ወሳኙ የታችኛው ሜዳ ነው፤ ጫፍ ላይ ያለው በረዶ አይጠቅመውም።

የተመረጠው በኦስትሪያ የቲሮል ግዛት የሚገኘው ዘርፋውስ ነው። መንደሩ 1,427 ሜትር ላይ ነው። የልጆች መማሪያው ሜዳ ኮምፐርዴል በሚባለው መካከለኛ ጣቢያ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን፣ ሊፍቶቹ እስከ 2,800 ሜትር ይወጣሉ። ከጎረቤት መንደሮቹ ከፊስና ከላዲስ ጋር ተያይዞ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ሸርተቴ አለው። ይህ ብዛት ለጀማሪ ዋጋ የለውም፤ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስፈልገው ሁለት ሰማያዊ (ማለትም ቀላል) መስመርና ሰውን ወደ ላይ የሚያወጣ አንድ ተንሸራታች ምንጣፍ ነው።

ምርጫውን የወሰነው ሌላ ነገር ነው። ዘርፋውስ ለእንግዶች መኪና ዝግ ነው፤ መኪና የሚነዳው ዕቃ ለማውረድና ለመመለስ ብቻ ነው። በመንደሩ ሥር ከ1985 ጀምሮ የምትሠራ አራት ጣቢያ ያላት ትንሽ የምድር ውስጥ ባቡር አለች፤ ነፃ ናት። የ5 ዓመት ልጅ፣ የሁለት ሰው ስኪና ጀርመንኛ የማያውቁ አያት ላሉበት ቤተሰብ ይህች ባቡር ከማንኛውም ረጅም ሸርተቴ ትበልጣለች። አያትየው በሁለተኛው ቀን ብቻቸውን ይመላለሱባት ጀመር።

ከሸለቆው በታች በሪድ አንድ ቤት በ500 ዩሮ ቅናሽ ተገኝቶ ነበር። ወላጆቹ ሊይዙት ሲሉ ቆም ብለው አሰሉ፦ በየጠዋቱ ስድስት ሰው፣ ሦስት ልጅ በስኪ ጫማ፣ አውቶቡስ መጠበቅ፤ ማታም እንዲሁ ለስድስት ቀን። ቤቱ ቀረ፤ ልክም ነበር። የ5 ዓመቱ ልጅ በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ደክሞ ሲያለቅስ ወደ ቤት ለመመለስ የወሰደው ሩብ ሰዓት ነው።

የኪራይ ዋጋ ሲወዳደር አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በማስታወቂያ ላይ ከተጻፈው በተጨማሪ የመጨረሻ ጽዳት፣ የአንሶላና ፎጣ፣ እንዲሁም በየሰው በየሌሊቱ የሚከፈል የጎብኚ ግብር አለ። ሦስቱንም በጽሑፍ ጠይቆ ድምሩን ማወዳደር ይገባል።

ወረቀት

አያትየው የጀርመን ኤምባሲ በሰጣቸው የሼንገን ቪዛ ነው የመጡት፤ ኦስትሪያ ውስጥም ይሠራል። የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ያለውም ሰው በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን በሌሎቹ የሼንገን አገሮች መቆየት ይችላል። ሆኖም ፓስፖርትና ካርዱን ይዞ መጓዝ የግድ ነው፤ ከ2015 ጀምሮ ጀርመን ከኦስትሪያ በሚያስገቡ መንገዶች ላይ ትፈትሻለች። ስድስቱም ፓስፖርቶች በአንድ ቦርሳ፣ በፊተኛው ወንበር ሥር ተቀመጡ።

አብሯቸው ሊሄድ የፈለገ አንድ ዘመድ ግን ቀረ። የጥገኝነት ማመልከቻው ገና አልተወሰነም፤ በዚያ ወረቀት ከጀርመን መውጣት አይቻልም። ድንበሩ ላይ ብዙ ጊዜ ማንም አያስቆምም የሚለውን ወሬ አምኖ እንዲህ ያለ ሰው መኪና ውስጥ ማስገባት በሰውየው ጉዳይ ላይ መቀለድ ነው።

ኢንሹራንስ ሦስት የተለያየ ነገር ነው። የጀርመን የሕዝብ ጤና መድን ካርድ በኦስትሪያ የሕዝብ ሐኪም ዘንድ ይሠራል፤ በስኪ መንደሮች ያሉ ብዙ ሐኪሞች ግን የግል ስለሆኑ በቀጥታ ያስከፍላሉ። ከተራራ ላይ በሄሊኮፕተር መነሣት በዚህ ካርድ አይሸፈንም፤ ሒሳቡም ብዙ ሺህ ዩሮ ይደርሳል። ቤተሰቡ ለዚህ ሲል የውጭ አገር የጉዞ ጤና መድን ገዛ። ሦስተኛው ሌላ ሰው ቢገጩ የሚከፍለው የተጠያቂነት መድን ነው፤ የቤተሰቡ ነባር ውል ይሸፍን እንደሆነ በጽሑፍ ተጠየቀ። ጣሊያን ለሚሄድ ይህ ከ2022 ጀምሮ ግዴታ ነው። አያትየው ለቪዛው የገዙት የ30,000 ዩሮ መድን ስለነበራቸውና ስኪ ስለማይወጡ ሌላ አላስፈለጋቸውም።

መንገዱ

ከፍራንክፈርት በቩርዝቡርግና በኡልም አድርጎ፣ በአውራ ጎዳና 7 እስከ ፊሰን፣ ከዚያ በሮይተና በፈርንፓስ ወደ ኢምስትና ላንዴክ፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቅዳሜ የቤት መቀያየሪያ ቀን ስለሆነ ግማሽ ጀርመን በአንድ ጠዋት በዚሁ መንገድ ይወጣል። መጨናነቅ ሲበዛ በፊሰን የድንበር ዋሻ ፊት መኪናውን እያስቆሙ በቡድን በቡድን ይለቃሉ። ስልኩ ላይ ያለው ካርታ በመንደሮች ውስጥ አቋራጭ ቢያሳይ መከተል አይገባም። ቲሮል በክረምቱ ወራት ቅዳሜና እሑድ በሮይተ አካባቢ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ማቋረጥን ትከለክላለች፤ ፖሊስም ይመልሳል።

መጀመሪያ የታሰበው 7:00 ላይ መነሣት ነበር። እንዲህ ቢሆን ፈርንፓስ የሚደርሱት በቀኑ እኩሌታ፣ ወረፋው በጠናበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ሌሊት 3:30 ተነሡ፤ ልጆቹ ተኝተው 10:00 ገደማ ደረሱ። ቤቱ የሚከፈተው 16:00 ነው። ያ የተረፈ ጊዜ ጠቀመ፤ የኪራይ ሱቁ ባዶ ስለነበረ ጫማ ለመለካት አንድ ሰዓት ሙሉ አገኙ። ከሰዓት በኋላ የመጣ ሰው በዚያው ሱቅ ቆሞ ይጠብቃል።

ጉዞውን ሊያበላሽ የነበረው ጎማው ነው። የመኪናው የክረምት ጎማዎች ጥርስ ሲለካ 3.5 ሚሊ ሜትር ሆነ። ጀርመን ውስጥ ዝቅተኛው ሕጋዊ ልክ 1.6 ስለሆነ ማንም አይናገርም። ኦስትሪያ ግን ከኅዳር 1 እስከ ሚያዝያ 15 መንገዱ በረዶ ወይም ጭቃ በረዶ ሲሆን የክረምት ጎማ ታዛለች፤ የክረምት ጎማ የምትለውም ጥርሱ ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር የሆነውን ነው። ከዚያ በታች ከሆነ እንደ በጋ ጎማ ይቆጠራል፤ አደጋ ቢደርስ የመድን ክርክር ያመጣል። አራት ጎማ በታኅሣሥ መጀመሪያ ተገዛ፤ 480 ዩሮ። በዕቅዱ ውስጥ አልነበረም።

የጎማ ሰንሰለትም ተገዝቶ ቤት በር ላይ ሁለት ጊዜ ተሞከረ። ሰንሰለት የሚገባው መኪናውን በሚገፉት ጎማዎች ላይ ነው፤ ፍጥነቱ ከ50 አይበልጥም፤ ጥቂት ሜትር ነድቶ ዳግመኛ ማጥበቅ ያስፈልጋል። በጉዞው ላይ አላስፈለገም። ቪኜት (የኦስትሪያ አውራ ጎዳና ክፍያ ማረጋገጫ) የሚያስፈልገው በአውራ ጎዳናው ላይ ለሚነዳ ነው፤ በፈርንፓስ በኩል ያለው መንገድ አይጠይቅም፣ ከኢምስት ወደ ላንዴክ አውራ ጎዳና ላይ የሚወጣ ግን ይጠየቃል።

ጫማው

በስኪ ሳምንት ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያስለቅሰው ጫማ ነው። ቤተሰቡም እዚህ ላይ ነው ዋናውን ስሕተት የሠራው።

ዕቃው አስቀድሞ በኢንተርኔት ስለተያዘ ቅጹ የጫማ ቁጥር ጠየቀ። ለትልቁ ልጅ 43 ተብሎ ተሞላ፤ የተዘጋጀለት 28 ነበር። የስኪ ጫማ ቁጥር ግን የእግር ርዝመት በሴንቲ ሜትር ነው። የልጁ እግር 26.5 ነው። በመለኪያው ሰዓት ሁለት ወፍራም ካልሲ ደርቦ ስለነበር ጫማው «ልክ ነው፣ ይመቻል» አለ። ወላጆቹም ይመቻል ያለውን አመኑ።

በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቅልጥሙ ቆሰለ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ጫማው ሲሰፋ እግር ውስጡ ይንቀሳቀሳል፤ ልጁ ላለመውደቅ ጣቶቹን ይጨብጣል፣ ዘለበቱን እስኪያመው ድረስ ያጠብቃል። ዘለበቱ ደም ስለሚገታ እግሩ ይቀዘቅዛል። ሁለተኛው ካልሲ ላብ ይይዛል፣ ይታጠፋል፣ ያቆስላል። ስኪው የሚታዘዘው በቅልጥምና በተረከዝ ግፊት ስለሆነ ጫማው ውስጥ የሚዋኝ እግር ማዞር አይችልም።

ትክክለኛው አለካክ እንዲህ ነው። አንድ ቀጭን፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ካልሲ ብቻ፤ የውስጥ ሱሪው ጫፍ ከጫማው በላይ ይቀራል፣ ወደ ውስጥ አይገባም። የውስጡ ስፖንጅ ወጥቶ እግር ባዶው ቅርፊት ውስጥ ይገባና ጣቶች ፊቱን ሲነኩ ከተረከዝ ኋላ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይታያል። ከዚያ ስፖንጁ ተመልሶ ይለበሳል። ቀጥ ብሎ ሲቆም የጣቶች ጫፍ ፊቱን ይነካል፤ ጉልበት ወደ ፊት ሲታጠፍ ይላቀቃል፤ ተረከዝ አይነሣም። አዲስ ሰው ይህን «ጠበበኝ» ይላል። የሚፈለገው ጥበት ነው።

በሁለተኛው ቀን ጫማው ያለ ክፍያ በ26.5 ተለወጠ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ፤ ጫማው ሲለወጥ የሶሉ ርዝመትም ስለሚለወጥ የስኪው ማሰሪያ እንደገና መስተካከል አለበት። ልጁ ጫማውን ብቻ ይዞ ስለሄደ ስኪውን ለማምጣት ወደ ማስቀመጫው ተመለሰ፤ ግማሽ ቀን አለፈ። ማሰሪያው ሰው ሲወድቅ እግሩን የሚለቀው ዕቃ ነው። ባለሙያው የሚያስተካክለው በክብደት፣ በቁመት፣ በዕድሜ፣ በሶል ርዝመትና በችሎታ ነው። እናትየው በቅጹ ላይ ክብደቷን በ8 ኪሎ ቀንሳ ሞልታ ነበር፤ ሱቁ ሲደርሱ አስተካከለች። ክብደት ሲያንስ ማሰሪያው ያለ ጊዜው ይለቃል፤ ችሎታውን ያጋነነ ሰው ደግሞ ማሰሪያው ሳይለቀው አጥንቱ ሊሰበር ይችላል። በዚህ ቅጽ ላይ እውነቱን መጻፍ የግድ ነው።

የስኪ ርዝመት ቀላል ነው፤ ለጀማሪ ልጅ ከደረት እስከ አገጭ፣ ለጀማሪ አዋቂ ከቁመቱ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ያነሰ። ለትንንሾቹ ዱላ አያስፈልግም።

ሄልሜት፣ ሹሩባ፣ ፊትና ዓይን

ቲሮል ውስጥ ሄልሜት በሕግ ግዴታ አይደለም፤ በአብዛኞቹ የኦስትሪያ ግዛቶች ግን ከ15 ዓመት በታች ለሆኑ ግዴታ ነው። ቤተሰቡ ለአምስቱም ተከራየ። የ8 ዓመቷ ልጅ ፀጉሯን ከኋላ ጠቅልላ ስለነበር ሄልሜቱ ወደ ግንባሯ ተንሸራቶ የሚጠብቀውን ኋለኛ ክፍል አጋለጠ። እናትየው ማታውኑ ፈታችውና ከራስ ቅሉ ጋር የተጣበቀ ቀጭን ሹሩባ ሠራቻት፤ ጫፎቹ ወደ ማጅራት ወርደው ከሄልሜቱ በታች ወጡ። ሄልሜት የሚለካው ሳምንቱን በሚቆየው የፀጉር አሠራር ነው። ስለዚህ ፀጉሩ ከጉዞው በፊት ይሠራ፤ ደረቅ አየሩም ይጎዳዋልና ቅባት አይለየው።

«ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አያቃጥለውም» የሚለውን ወላጆቹም ያምኑበት ነበር። አዲስ በረዶ የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር እስከ 80 በመቶ ድረስ መልሶ ያንጸባርቃል፤ በየ1,000 ሜትሩም ጨረሩ ከ10 በመቶ በላይ ይጨምራል። አባትየው በሁለተኛው ቀን ከንፈሩና አፍንጫው ተላጠ። ዓይን ደግሞ የቆዳ ቀለም አይጠብቀውም፤ ያለ መነጽር የዋለ ልጅ ማታ ዓይኑ እንደ አሸዋ ይቆረቁረዋል። ለፀሐይ ቀን ጠቆር ያለ (ኤስ 3)፣ ለጭጋግ ፈዘዝ ያለ (ኤስ 1) መስታወት ይመረጣል።

ልብስ ያገለገለ ተገዛ። ዋናው ደንብ ጥጥ አለመልበስ ነው፤ ጥጥ ላብ ይዞ ይቀዘቅዛል። የአያትየው ጋቢም ጥጥ ነውና በረንዳ ላይ ለመቀመጥና ለማታ ነበር የተመደበው፤ ወደ በረዶው ያልወጣው ለዚህ ነው። ለእሳቸው በእውነት ያስፈለገው ከጫማ ሥር የሚታሰር የብረት ጥርስ ነው። በመጀመሪያው ማታ በረንዳው ደረጃ ላይ ስለተንሸራተቱ በማግሥቱ ተገዛ። ይህ ከቤት ተገዝቶ መሄድ ነበረበት።

ጾምና ምግብ

ቁርስና እራት ያለበት ሆቴል መጀመሪያ ተመራጭ ነበር፤ እናት ዕረፍት እንድታገኝ። ሆኖም በቲሮል ማእድ ላይ ሥጋ፣ ቅቤና አይብ የማይገባበት ነገር ጥቂት ነው። እስከ ጥር 6 ለማይበሉት ምግብ መክፈል ስለሚሆን አፓርትመንት ተመረጠ።

ከቤት የተወሰደው፦ 40 እንጀራ በአምስት በአምስት ተጠቅልሎ በረዶ የሆነ፣ 2 ኪሎ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምስር፣ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ፤ ለገናም ቁሌቱ ፍራንክፈርት በስሎ በረዶ ተደርጎ። ቁሌቱን እዚያ አለማብሰላቸው ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ሽንኩርት ለረጅም ጊዜ የሚቁላላበት ትንሽ ኩሽና የጭስ ደወል ያስጮኻል፤ ሽታውም ለጽዳት ተጨማሪ ሒሳብ ሊያስጠይቅ ይችላል። ዶሮው ሰኞ ጥር 5 ተገዛ፤ ማክሰኞ የኤፒፋኒ በዓል ስለሆነ አብዛኛው ሱቅ ይዘጋልና። ምስሩ ትንሽ ቆይቶ ነው የበሰለው፤ በ1,427 ሜትር ውኃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ገደማ ነው። አያትየው ግን አዲስ አበባ ከዚያ ዝቅ ባለ ሙቀት ሲያበስሉ ስለኖሩ ልዩነቱን አላዩትም። ከፍታውም አልከበዳቸውም፤ ኮምፐርዴል ከአዲስ አበባ ያንሳል። ራሳቸውን የታመሙት ሜዳ ላይ ያደጉት ልጆች ናቸው፤ ውኃ ሲጠጡ በማግሥቱ ተሻላቸው።

ችግር የነበረው የጾም ሰዓቱ ነው። እናትየው እስከ 15:00 ሳትበላ ስኪ ለመማር ወጣች። በብርዱና በከፍታው ላይ የሰውነት ድካም ሲጨመር በሁለተኛው ቀን 11:00 ላይ ዞረባት፤ ሜዳው ላይ ተቀመጠች። ከንስሐ አባቷ ጋር በስልክ ከተነጋገረች በኋላ ከማግሥቱ ጀምሮ ሰዓቱን ትታ የጾም ምግቡን ብቻ ጠበቀች። ይህ ምክር ከመንገዱ በፊት መጠየቅ ነበረበት። በተራራው ምግብ ቤት የሚገኘው የጾም ምግብ የተጠበሰ ድንችና ያለ አይብ የታዘዘ የቲማቲም ፓስታ ነው። ጣፋጩ ካይዘርሽማርን እንቁላልና ወተት አለበት። በኪስ የተያዘ ዳቦ ቆሎ ብርድ አያደርቀውም፤ ቸኮሌት ግን እንደ ድንጋይ ይሆናል።

ተራራው ላይ

ሦስቱ ልጆች ለአምስት ቀን ትምህርት ተመዝግበው ነበር። የ8 ዓመቷ በሦስተኛው ቀን ሰማያዊውን መስመር ወረደች። የስኪ ትምህርት ቤት ልጆችን «ፒዛ» እያለ ያስተምራል፤ የስኪዎቹ የፊት ጫፍ ሲቀራረብና ኋላቸው ሲከፈት ፍጥነት ይቀንሳል። ይህን በሁለት ቀን ያዘችው።

የ5 ዓመቱ ግን ሙሉ ቀን አልቻለም። ጠዋት ይስቃል፤ ከምሳ በኋላ ያለቅሳል። ከሰዓት በኋላ ያለው ሰዓት ተከፍሎ ነበርና አልተመለሰም። በዚህ ዕድሜ የሦስት ቀን ጠዋት ብቻ ከፍሎ ማራዘም ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ከአያቱ ጋር በሸርተቴ ጋሪ ተጫወተ፤ ሳምንቱን የሚያስታውሰው በዚያ ነው። እጁን ያሞቀው ጣቶቹ ያልተለያዩበት ጓንት ነው፤ ስሙና የእናቱ ስልክ ሄልሜቱ ውስጥ ተለጥፎ ነበር።

አባትየው ገንዘብ ለመቆጠብ ትምህርት አልያዘም፤ ትልቁ ልጅ ሊያስተምረው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ልጁ በወንበር ሊፍት ወሰደውና ከላይ ሲደርሱ መስመሩ ሰማያዊ ቢሆንም መጀመሪያው ቁልቁል ነው። አባትየው አራት ጊዜ ወደቀ፣ ስኪውን አውልቆ በሸርተቴው ዳር በእግሩ ወረደ። ልጁም አፈረ፣ አባትም ተናደደ። በማግሥቱ ወላጆቹ ለአዋቂ ጀማሪዎች የሦስት ቀን ትምህርት ገቡ፤ 220 ዩሮ ገደማ ተጨመረ። ይህ ገንዘብ ከመጀመሪያው በዕቅዱ ውስጥ መኖር ነበረበት።

የሊፍት ካርድ ስኪ ለሚወጡት ሁሉ የስድስት ቀን ተገዝቶ ነበር። እናትየው አራት ቀን ብቻ ተጠቀመችበት፤ አንድ ቀን ለዶሮ ወጥ፣ አንድ ቀን ለዕረፍት። የተገዛ ካርድ ገንዘቡ የሚመለሰው በአብዛኛው በሐኪም ማስረጃ ለተረጋገጠ ጉዳት ብቻ ነው። ለጀማሪ አዋቂ የሦስት ወይም የአራት ቀን ካርድ ይበቃዋል። ካርዱ በግራ ኪስ፣ ከስልክ ተለይቶ ይቀመጣል፤ የበሩ ማንበቢያ በግራ በኩል ነው።

ሒሳቡ ሲዘጋ 5,700 ዩሮ ሆነ። ከተጨመረው 700 ውስጥ 480ው ጎማ፣ 220ው የወላጆች ትምህርት ነው። ትልቁ ወጪ ቤት፣ ቀጥሎ ካርድና ትምህርት ነበር።

ለሌላ ቤተሰብ የሚተላለፈው

ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀመጠው ቀን ነው፤ የትምህርት ቤቱ ዕረፍት፣ ጾሙና የጎረቤት ግዛቶች ዕረፍት በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ይጻፉ። ቀኑ ከተያዘ በኋላ ቤቱ ቢያንስ ከስምንት ወር በፊት ይፈለግ።

ቦታ የሚመረጠው በደካማው ሰው ልክ ነው። በዚህ ጉዳይ ደካማው የ5 ዓመት ልጅ ነበር፤ ከመማሪያው ሜዳ እስከ አልጋው ያለው ርቀት የሳምንቱን ሰላም ወሰነ። ከእሱ ጋር የሚቀመጥ ስኪ የማይወጣ አዋቂ ያለው ቤተሰብ ትልቅ ሀብት አለው። ያ አዋቂ ግን የራሱ ዕቅድ የሚያስፈልገው ተጓዥ ነው፤ የእግረኛ መንገድ፣ የብረት ጥርስና ለእግረኛ የሚሸጠው የጎንዶላ ቲኬት ለእሱ አስቀድሞ ይታሰብ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሁሉንም ይወስናሉ። ጫማ የሚጎዳው፣ አዋቂ የሚናደደው፣ ልጅ ሁለተኛ አልሄድም የሚለው በእነሱ ነው። ስለዚህ ከሌላው ወጪ ተቀንሶም ቢሆን ለአዋቂ ትምህርትና ለጫማ መለኪያ ሰዓት ይመደብ።

ዕቃ በኢንተርኔት ሲያዝ በቅጹ ላይ የሚጻፈው የእግር ርዝመት ነው። ተረከዝ ከግድግዳ ጋር ይገጥማል፣ ወረቀት ላይ ከረጅሙ ጣት ጫፍ ምልክት ይደረጋል፤ ሁለቱም እግር ይለካና የሚረዝመው ይወሰዳል። የሚለካው ማታ ነው፤ እግር ቀኑን ሲቆም ውሎ ያብጣልና። የልጆች እግር ደግሞ በጥቅምት የተለካው በጥር ስለማይሠራ፣ ከመንገዱ አንድ ሳምንት በፊት እንደገና ተለክቶ ለሱቁ ይላካል።